ልጅ ብቻዬን እሄዳለሁ ያለ ጊዜ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ ልንነጋገርበት የወደድነው ነገር ከወላጆች ዘንድ ደጋግሞ የመጣልን ጥያቄ ነው። ይኸውም 14 ወይም 16 ዓመት የሆነው ልጅ ተነሥቶ «ብቻዬን እሄዳለሁ፤ ሰው የፈራውን እደፍራለሁ» ባለ ጊዜ ወላጅ ይፍቀድለትን ወይስ ይከልክለው? የሚል ነው። «ልጅ ምን ያውቃል? በሩን ዝጉበት» የሚሉ አሉ። «ካልወደቀ አይማርም፤ ልቀቁት» የሚሉም አሉ። እኛ ግን ሁለቱም ወገኖች ልጁ ማን እንደ ሆነ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ በዚያስ ማን እንደሚቀበለው ሳይጠይቁ የፈረዱ ይመስለናል።

በባሕር ማዶ ይህ ጥያቄ ከዳኛ ፊት የደረሰበት ጊዜ ነበረ። ላውራ ዴከር የምትባል የኔዘርላንድ ልጅ ወላጆቿ በጀልባ ዓለምን ሲዞሩ እ.ኤ.አ. በ1995 በኒው ዚላንድ ተወለደች፤ የሕፃንነቷንም ዓመታት በባሕር ላይ አሳለፈች። እ.ኤ.አ. በ2009፣ 13 ዓመት ሲሆናት፣ በሸራ ጀልባ ብቻዋን ዓለምን ለመዞር ተነሣች። አባቷ ፈቀደ። የሕፃናትን ደኅንነት የሚጠብቀው የመንግሥት ክፍል ግን «ይህ አይሆንም» ብሎ ከሰሰ፤ የዩትሬክት ከተማ ፍርድ ቤትም በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ልጅቱ በጥበቃ ሥር እንድትሆን አዘዘ። በታኅሣሥ ወር ከቤት ጠፋች፤ ስትፈለግም ውቅያኖስ ተሻግራ በካሪቢያን ባሕር ባለች በሲንት ማርተን ደሴት ተገኘች። በዓመቱ፣ በ2010 በሐምሌ ወር፣ ሌላ ፍርድ ቤት ጥበቃውን አነሣላት። እርስዋም በነሐሴ ወር ከጂብራልታር ተነሥታ፣ በየወደቡ እያረፈች፣ በጥር ወር 2012 ከሲንት ማርተን ደሴት ደርሳ ጉዞዋን ፈጸመች። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 16 ዓመት ከ4 ወር ነበረ።

ይህን ታሪክ ያመጣነው ልጅቱን ለማወደስ ወይም ዳኞቹን ለመንቀፍ አይደለም። የምናስተውለው በ13 ዓመቷ «እሄዳለሁ» ባለችውና በ15ኛው ዓመት ዋዜማ በሄደችው ልጅ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ልዩነቱ አንድ ዓመት ነው። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ከፊተኛው የሚበልጥ ጀልባ አገኘች፤ የቈሰለን ማከም ተማረች፤ በባሕር ላይ ብቻውን የሚሆን ሰው እንቅልፉን እንዴት ቈራርጦ እንደሚተኛ ተማረች። ክልከላው ብቻ ቢሆን ኖሮ ልጅቱን አይይዛትም ነበር፤ ጠፍታ አሳይታለችና። ፈቃዱም ብቻውን ቢሆን ኖሮ ባልተዘጋጀች ጀልባ ላይ ያልተዘጋጀች ልጅን ይሰድ ነበር። በኋላ ነገሩን ያቀናው አንዱ ወገን ሌላውን ማሸነፉ ሳይሆን በመካከል ያለፈው የዝግጅት ጊዜ ነው እንላለን።

በዚያው ዘመን ጄሲካ ዋትሰን የምትባል አውስትራልያዊት ልጅ በ16 ዓመቷ ተመሳሳዩን አሰበች። ለሙከራ በወጣች ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2009፣ ሌሊት ጥቂት ሸለብ ሲያደርጋት ጀልባዋ 63,000 ቶን ከሚመዝን የጭነት መርከብ ጋራ ተጋጨች። የሸራዋ ምሰሶ ተሰበረ፤ እርስዋ ግን ራስዋ ጀልባዋን ወደ ወደብ መለሰች። ብዙ ሰው «አሁንስ ወላጆቿ ይከልክሏት» አለ። ጀልባዋ ተጠገነች፤ ልጅቱም በጥቅምት ወር ከሲድኒ ተነሥታ በግንቦት 2010 በደኅና ተመለሰች። ያ ግጭት በወደብ አጠገብ በመሆኑ ትምህርት ሆነ፤ በውቅያኖስ መካከል ቢሆን ኖሮ ሌላ ስም ይሰጠው ነበር።

ሦስተኛዋ አቢ ሰንደርላንድ አሜሪካዊት ናት፤ እርስዋም የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። በሰኔ ወር 2010 እ.ኤ.አ.፣ በዚያ ንፍቀ ክበብ ክረምት በገባበት ጊዜ፣ በሕንድ ውቅያኖስ መካከል ማዕበል የጀልባዋን ምሰሶ ሰበረባት። ከወላጆቿ ጋራ የምትነጋገርበትም መሣሪያ ዝም አለ። የድረሱልኝ ምልክት በተሰማ ጊዜ ከአውስትራልያ አውሮፕላን ተነሥቶ ፈለጋት፤ በሁለተኛውም ቀን አንድ የፈረንሳይ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ደርሶ አዳናት። እርስዋን ለማውጣት ሲደክም የመርከቡ አለቃ ራሱ ከባሕር ወድቆ ነበርና እርሱንም ጐትተው አወጡት። በዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። አባትና እናት በቤታቸው ተቀምጠው «ሂጂ» ብለው በፈቀዱ ጊዜ ስለ ልጃቸው ብቻ የፈቀዱ መስሏቸው ነበር። ነገር ግን ፈቃዳቸው ስሙን የማያውቁትን፣ እርሱም ልጆች ያሉትን ሊሆን የሚችል ዓሣ አጥማጅ ከማዕበል ፊት አቆመው። «ልጄ ነው፤ ምን አገባችሁ?» የሚል ወላጅ ይህን ያስብ። ልጅህ ገደል ቢገባ ገመድ ታጥቆ የሚወርደው የጎረቤትህ ልጅ ነው።

ከነዚህ ሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ሌላ ነው። ዕድሜዋ ከምንነጋገርበት ያነሰ፣ ጉዞዋም ለብቻ ያልሆነ ቢሆንም ልናልፈው አልወደድንም። ጄሲካ ዱብሮፍ የ7 ዓመት ሕፃን ነበረች። አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር አውሮፕላን እየነዳች ታቋርጣለች ተብሎ፣ አባቷና የአብራሪነት አስተማሪዋ አብረዋት ተሳፍረው፣ ጋዜጠኞችም እየተከተሏት ጉዞ ጀመረች። በሚያዝያ ወር 1996 እ.ኤ.አ. ቻየን ከምትባል ከተማ ነፋስና ዝናም ሳለ ተነሡ፤ ወዲያውም አውሮፕላኑ ወደቀ፤ ሦስቱም ሞቱ። ጉዳዩን የመረመሩት ሰዎች እንደ ጻፉት፣ አስተማሪው አየሩ እየከፋ ሳለ ለመነሣት የወሰነበት አንዱ ምክንያት አስቀድሞ የወጣው ጥብቅ የጉዞ ሰዓትና ለዜና ሰዎች የተሰጠው ቀጠሮ ነበረ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት ፈቃድ የሌለው ሰው ክብረ ወሰን ለመያዝ አውሮፕላን እንዳይነዳ የሚከለክል ሕግ አወጣ።

እንግዲህ እንጠይቅ፦ ያች ሕፃን ክብረ ወሰን ምን እንደ ሆነ ታውቅ ነበርን? ዝናሙን አይታ «ዛሬ እንቅር» ለማለት በፊቷ የቆሙትን ትልልቅ ሰዎች ትደፍር ነበርን?

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ17ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የዳዊትን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ሲነገር ግን ብዙ ጊዜ ወንጭፉና ድንጋዩ ብቻ ይነገራል። እኛ ዛሬ የምንመለከተው ከወንጭፉ በፊት የሆነውን ነው። ዳዊት ከጎልያድ ጋራ እዋጋለሁ ባለ ጊዜ ንጉሡ ሳኦል አስቀድሞ የሰጠው መልስ «አትችልም፤ አንተ ብላቴና ነህ» የሚል ነበረ፤ ይህም የአባት መልስ ነው፤ አንነቅፈውም። ዳዊትም «ደፋር ነኝና ልቀቀኝ» ብሎ አልተከራከረም። የአባቱን በጎች ሲጠብቅ አንበሳና ድብ መጥተው እንደ ነበረ፣ እርሱም ጠቦቱን ከአፋቸው እንዳስጣለ አስረዳ። ምስክር አቀረበ ማለት ነው። ሳኦልም ሰምቶ ፈቀደ። የፈቀደው ስለ ልጁ ምኞት አይደለም፤ ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳያጨበጭብለት በሜዳ ስለ ሠራው ሥራ ነው።

ከዚህ በኋላ ሳኦል የራሱን ጥሩር አለበሰው፤ ቍሩንም ደፋበት። ዳዊት ሊራመድ ቢሞክር አልሆነለትም፤ አልለመደውምና አወለቀው። ወላጆች ሆይ፣ ይህችን ነገር ልብ በሉ። ብዙ ልጅ ወደ አደጋ የሚሄደው የአባቱን ጥሩር ለብሶ ነው። አባት በወጣትነቱ ያልደረሰበትን ተራራ ልጁ እንዲደርስለት ይሻል፤ እናት በጎረቤት ፊት የምትናገረው ዜና ትሻለች። ልጁም ወላጆቹን ለማስደሰት ብሎ ከብዶት ሳለ ይራመዳል። ዳዊት ማውለቅ ተቻለው፤ የ7 ዓመቷ ሕፃን ግን አልተቻላትም።

«እግዚአብሔር ካለ ይመለሳል፤ ካላለ በቤቱም ይሞታል» የሚል አባባል በአገራችን ብዙ ነው። እምነት ይመስላል። ነገር ግን በማቴዎስ ወንጌል በ4ኛው ምዕራፍ ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወደ ታች ጣል፤ መላእክት ይደግፉሃል እያለ የተከራከረው ማን እንደ ነበረ አስታውሱ። እርሱም ቃለ መጻሕፍት ይጠቅስ ነበር። ጌታችን ግን አምላክን መፈታተን እንደማይገባ መለሰለት። ስለዚህ ሊያስተምረውና ሊያዘጋጀው ሲችል ሰንፎ ልጁን «በእግዚአብሔር እጅ ሰጠሁት» የሚል ሰው፣ የሰጠው አደራ ሳይሆን የጣለው ሸክም እንዳይሆን እንፈራለን።

አንዳንዶች ደግሞ እኛን ካህናቱን ይጠይቁናል፦ «እናንተስ ራሳችሁ በልጅነታችሁ ከቤት ጠፍታችሁ አይደለምን የተማራችሁት?» ይሉናል። እውነት ነው። የቆሎ ተማሪ በ10 ወይም በ12 ዓመቱ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ዱላ ይዞ ከአባቱ ቤት ይወጣል፤ ብዙው ሳይሰናበት ነው። ዘመድ ተከትሎ እንዳይመልሰው መንገድ ይለውጣል። ቅኔ ፍለጋ ዋሸራና ጎንጅ፣ ድጓ ለማስመስከር ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ዙር አምባ እያለ ወንዝ ይሻገራል፤ ቆላ ይወርዳል፤ ደጋ ይወጣል። ይህ ሁሉ አደጋ ያለበት ጉዞ ነው። ዛሬ አንዳንድ ሰው የቆሎ ተማሪን ኑሮ ሲያወራ እያሳመረ ያወራዋል፤ ውሻው ግን እውነተኛ ውሻ ነበረ፤ ረኃቡም እውነተኛ ረኃብ ነበረ። ተስቦ ይዞት በማያውቀው አገር የተቀበረ፣ ወላጆቹም መቃብሩን ያላወቁት ልጅ ጥቂት አይደለም። ስለ እነርሱ የሚተርክ የለምና የተመለስነው ብቻ እንተርካለን።

ዳሩ ግን የዚያን ልጅ ጉዞ ደኅና አድርጋችሁ ብትመረምሩት፣ ብቻውን ወጣ እንጂ ብቻውን አልኖረም። ከጉባኤው በደረሰ ጊዜ የኔታ ይቀበሉታል፤ ከየት እንደ መጣ፣ የማን ልጅ እንደ ሆነ ይጠይቁታል። ከጎጆ ያስገባዋል አንድ ታላቅ ተማሪ፤ የትኛው ደጅ ክፉ ውሻ እንዳለው፣ የትኛይቱ እናት ቍራሽ እንደማትነፍግ ያ ታላቁ ይነግረዋል። ታሞ የተኛ እንደ ሆነ ጓደኞቹ ስለ እርሱ ጭምር ለምነው ያመጡለታል። በየመንደሩም «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለውን ድምፅ ሰምታ ከልጆቿ ድርሻ የምትቈርስ ሴት አለች። አገር በሞላ ለማያውቀው ልጅ ወላጅ ሆኖ ነበር። «እኛም በልጅነታችን ወጥተን ተመልሰናል» ብሎ የዛሬውን ልጅ በከተማ ጐዳና ወይም በሰው አልባ ተራራ ላይ ብቻውን የሚለቅ ሰው፣ ውሻውን አስታውሶ ያችን ሴት ረስቷል ማለት ነው።

ጥያቄውን ካመጡልን ወላጆች አንዲቱ የ16 ዓመት ወንድ ልጅ እናት ናት። ልጇ ለልደት በዓል ከአዲስ አበባ እስከ ላሊበላ ብቻዬን በእግሬ እሄዳለሁ ብሏት ተቸግራለች። ስትናገር፦ «አባ፣ ወደ ሌላ ቦታ ቢሆን በከለከልሁት። ወደ ቅዱስ ስፍራ ነውና ብከለክለው በረከት እንዳላስቀርበት እፈራለሁ፤ እንዳልሰደው ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ» አለችን። እኛም መፍራቷ የእምነት ጕድለት እንዳይመስላት አስቀድመን ነገርናት። እመቤታችን ልጅዋ በ12 ዓመቱ በኢየሩሳሌም በቀረባት ጊዜ ከዘመዶች ጋራ መስሏት የአንድ ቀን መንገድ ከሄደች በኋላ ተመልሳ በሦስተኛው ቀን እስክታገኘው ድረስ በጭንቅ ፈልጋዋለች፤ ባገኘችውም ጊዜ ስለ ምን እንዲህ እንዳደረገ ጠይቃዋለች። የአምላክ እናት ከተጨነቀች የአዲስ አበባዋ እናት ብትጨነቅ ምን ይደንቃል?

ከዚያም ስለ ልጁ ጠየቅናት። ከከተማ ወጥቶ አንድ ሙሉ ቀን በእግሩ ሄዶ ያውቃልን? በጾም ቀን ተርቦ ሲደክም ጠባዩ እንዴት ይሆናል? በየሌሊቱ ከማን ቤት ያድራል? መንገዱስ በዚህ ወራት ሰላም ነውን? በመጨረሻም፦ ወደ ላሊበላ በእግሩ የሚሄደው ሕዝብ በማኅበር እየዘመረ ሲሄድ፣ ልጅሽ ስለ ምን ብቻዬን አለ? አልናት። የኋለኛውን ጥያቄ ይዛ ሄደች፤ ልጁንም ጠየቀችው። እንደ ነገረችን ልጁ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ፣ በየደረሰበት ፎቶግራፍ እያነሣ በስልኩ ለጓደኞቹ ሊያሳይ እንዳሰበ አልደበቃትም። እውነቱን በመናገሩ አመሰገንነው። በዚህም ዕድሜ ሰው እንዲያየኝ ማለት የሚያስገርም አይደለም፤ ነገር ግን ስእለት አይባልም፤ ወላጅም እንደ ስእለት ሊፈራው አይገባም።

«አይሆንም አትበዪው፤ ገና ነው በዪው» አልናት። (እርስዋም «ለገና እሄዳለሁ ያለውን ልጅ ገና ነው ልበለውን?» ብላ ሣቀች።) እነዚህ ሁለቱ መልሶች አንድ አይደሉም። «አይሆንም» የተባለ ልጅ ከበሩ ጋራ ይጣላል፤ «ገና ነው» የተባለ ልጅ ግን ምን እንደ ጐደለው ይጠይቃል፤ ወላጅም የጐደለውን መንገር ግዴታው ይሆናል። ስለዚህ በመጀመሪያ ከአጎቱ ጋራ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ደብረ ሊባኖስ በእግሩ ይሂድ፤ እግሩ ሲቈስል፣ ስንቁ ሲያልቅ ምን እንደሚያደርግ አጎቱ ይየው። በሌላው ዓመት፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ከማኅበር ጋራ ላሊበላ ይድረስ። ሰው ሲታመም የሚያነሣ፣ ሌሊት የሚጠብቅ፣ ከፊት የሚሄድ ልጅ መሆኑ በማኅበር ውስጥ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ብቻዬን ቢል ክርክሩ የዳዊት ክርክር ይሆናል፤ አንበሳውና ድቡ ይመሰክሩለታልና።

ሴት ልጅስ? የሚለን ይኖራል። ከላይ ያነሣናቸው ሁሉ ሴቶች ልጆች እንደ ነበሩ አስተውላችኋል፤ ድፍረትና ጥበብ ለወንድ ብቻ አልተሰጠም። ነገር ግን እነርሱን የፈተናቸው ማዕበል ነበረ። በእኛ መንገድ ላይ ሴት ልጅን የሚፈትናት ሰው ነው። ይህም የእርስዋ ነውር ሳይሆን የእኛ የአባቶችና የወንድሞች ነውር ስለ ሆነ፣ እርስዋን ብቻ በቤት ዘግቶ ወንዱን ሳይገሥጹ መተው ፍትሕ አይደለም።

አሁን ወደሚከብደው ነገር እንድረስ። ስለ ጀልባና ስለ ተራራ ስንናገር «ይህ የጠገበ ሰው ጭንቀት ነው» ብላችሁ በልባችሁ ያላችሁ ከሰማችሁን መካከል እንዳላችሁ እናውቃለን። የእናንተ ልጅ የሚላችሁ «ባሕር ልሻገር» ነው፤ የሚሻገረውም ክብረ ወሰን ለመያዝ አይደለም። ለአካለ መጠን ያልደረሱ የአገራችን ልጆች በሌሊት ከቤት ወጥተው፣ የአፋርን በረሓ አቋርጠው፣ በጅቡቲ በኩል ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመግባት ሲሄዱ ዓመታት አልፈዋል። አንዳንዱ ወላጅ ሳያውቅ ነው። አንዳንዱም በሬውን ሸጦ ለደላላ ከፍሎ ነው። በሬውን የሸጠውን አባት ዝና እንደ ፈለገው ሰው አንቈጥረውም፤ ያስጨነቀው ጓዳው ነውና። ይሁን እንጂ አንድ ነገር እንጠይቀዋለን።

በመጽሐፈ ጦቢት እንደ ተጻፈ፣ ጦቢት ዓይኑ በታወረ፣ ቤቱም በደኸየ ጊዜ በሜዶን አገር በአደራ ያስቀመጠውን ብር እንዲያመጣ ልጁን ጦብያን ሊልከው ወደደ። ልጁን በሩቅ አገር ለገንዘብ የሚልክ ድኻ አባት ነበረ ማለት ነው። ነገር ግን ከመላኩ በፊት መንገዱን የሚያውቅ ሰው ፈልግ አለው። ልጁም ቅዱስ ሩፋኤልን አገኘ፤ መልአክ መሆኑን ግን አላወቀም። አባትየው ያን እንግዳ ወደ ቤት አስጠርቶ ወገኑንና የአባቱን ስም ጠየቀው፤ አዛርያ ነኝ አለው። የቀን ደመወዙን ተስማምቶ፣ መርቆ፣ ከዚያ በኋላ ሰደዳቸው። ዓይነ ሥውሩ ሰው መልአኩን እንኳ ሳይጠይቅ ልጁን አልሰጠም። እንግዲህ ለደላላው ገንዘብ የቈጠርህ አባት ሆይ፦ ወገኑን ጠይቀሃልን? ስሙስ እውነተኛ ስሙ ነውን? ልጅህ በበረሓ ቢወድቅ የሚያነሣው ማን እንደ ሆነ ነግሮሃልን? አልነገረህም፤ ደላላ አዛርያ አይደለምና። ጥያቄህን የሚመልስልህ ሰው እስክታገኝ ድረስ ልጅህ አይውጣ፤ በሬውም አይሸጥ። ልጁ የሚሠራበትን ነገር በቀየው መፈለግ የአባት ብቻ ሳይሆን የጎረቤትም፣ የሰበካ ጉባኤም፣ የእኛም የካህናቱ ሥራ ነው። በየአጥቢያችሁ ያላችሁ የሰበካ ሽማግሎች በሚመጣው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ተቀምጣችሁ ስንት ልጆች እንደ ሄዱ፣ ስንቶችስ ሊሄዱ እንዳሰቡ በስም ቍጠሩ።

የጦብያ እናት ሐናስ? እርስዋ ከመነሻው አልፈቀደችም ነበር፤ ገንዘቡ ይቅርብን ብላ አልቅሳለች። ልጁ በቀጠሮው ባልተመለሰ ጊዜም በየቀኑ ወጥታ የሄደበትን መንገድ ታይ ነበር፤ ባልዋ ሲያጽናናት ዝም በለኝ ትለው ነበር። ወደ ቤቱ በቀረበ ጊዜ፣ ከእነርሱ ጋራ የወጣው ውሻ ከኋላ እየተከተለ፣ አስቀድማ ከመንገዱ ላይ ያየችው እርስዋ ናት፤ ለዓይነ ሥውሩ አባትም ልጅህ መጣ ብላ ነገረችው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።